አንድ ስንዝር ከቅስቱ ሥር

ታኅሣሥ 18፣ ዓርብ፣ ማታ 1፡30

ዛሬም ከአባዬ ጋር ወደ ወለንጪቲ። ጠዋት 1፡00 ከናዝሬት መናኸሪያ ተሳፈርን። የአባዬ መዶሻና መሮ ያለበት ከረጢት የኔ እግር ላይ፣ የኔ ላፕቶፕ የአባዬ ጉልበት ላይ። ከአስፋልቱ ወርደን እስከ ቤ/ክኗ በባጃጅ። አቧራ ጠጥቼ ተመለስኩ።

የቤ/ክኗ አዲስ በር ቅስት የመሃል ድንጋዩ ዛሬ ገባ። አባዬ «ቆላፊው» ይለዋል። ስምንት ድንጋይ ከግራ፣ ስምንት ከቀኝ፣ አሥራ ሰባተኛው መሃል ገብቶ ሁሉንም ያስራል። ከሥር ግን የእንጨት ድጋፉ ገና አለ። ሲሚንቶው እስኪጠነክር አንድ ሳምንት ይቆያል። እስከዚያ ቅስት አትበሉት፣ እንጨት ላይ የተኛ ድንጋይ ነው ይላል አባዬ።

ጀማል ሳቀብኝ። የድጋፉን እንጨቶች ቆሜ ስቆጥር አይቶኝ ነው። ጀማል የሁሩታ ሰው ነው፤ ከአባዬ ጋር ሃያ ዓመት ድንጋይ ጠርቧል። መስጊድ ሲሠሩ አባዬ የሱ ረዳት ይሆናል፣ ቤ/ክ ሲሠሩ እሱ የአባዬ ረዳት። «ሂን ሶዳቲን፣ ኢንጂነር» አለኝ። አትፍሪ ማለቱ ነው። ቀላል ነው ለሱ።

ደብተሬ፣ ላንቺ ብቻ ልንገርሽ። የፈራሁት የበሩ ስዕል የኔ ስለሆነ ነው። አምስት ዓመት ሙሉ ለፈቃድ የሚቀርብ የቤት ፕላን ስስል ኖርኩ። ሁሉም አራት ማዕዘን። ሳሎን፣ መኝታ ቤት፣ ሽንት ቤት። ስለ ቅስት የተማርኩት አንድ ምዕራፍ ነበር፤ እሱንም ለፈተና ብዬ አነበብኩት፣ ከፈተናው ስወጣ ረሳሁት።

አባዬ ግን ሌላ ሰው ይሳለው ሲባል አሻፈረኝ አለ። ይህ በር ስለቱ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ሁለቱም ዓይኖቹ ሞራ ለብሰው ነበር። እኔንና እማዬን የሚለየን በድምፅ ነበር። ዓይኔ ቢበራልኝ በገዛ እጄ፣ ያለ ዋጋ፣ በጥርብ ድንጋይ በር እሠራልሃለሁ ብሎ ለዚህች ቤ/ክ ታቦት ተሳለ። ሞራው ተገፈፈለት፣ አየ። ከዚያ ወዲህ ቤ/ክ ውስጥ ሳይመሰክር የዋለበት እሑድ የለም።

የበፊቱ በር ቆርቆሮና ባሕር ዛፍ ነበር። ታቦቱ በአዲሱ በር መጀመሪያ የሚወጣው በከተራ፣ ጥር 10። አገሩ ሁሉ ይመጣል።


ታኅሣሥ 21፣ ሰኞ፣ ከሰዓት 9፡50

አሁን፣ አሁኑኑ መሬቱ ተንቀጠቀጠ። ቢሮ ነኝ። የጠረጴዛው ውኃ ተንቀሳቀሰ፣ መስኮቱ ተንቀጫቀጨ። ሁላችንም ወደ ደረጃው። እታች ስንደርስ አለቀ። ሰው ሁሉ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ መንገድ ላይ ቆሟል።

እኔ መጀመሪያ የደወልኩት ለእማዬ አይደለም። ለጀማል ነው። አፈርኩ።

አላነሳም።


እዚያው ቀን፣ 10፡40

አነሳ። እዚያው ወለንጪቲ ስለሚያድር ሄዶ አይቶታል። ቆሟል። አንድ ፍንጣሪ አልወደቀም። ደግሞ ነገረኝ፦ ድንጋይ በድንጋይ የተደገፈ ሥራ እንደ ፈሰሰ አርማታ አይደለም፣ ትንሽ ይወዛወዝና ቦታውን ይይዛል። አመንኩት? አላመንኩትም። እማዬ ግን ለምን አልደወልሽልኝም ብላ ተቀይማለች።


ታኅሣሥ 23፣ ረቡዕ

ቅስት በሽታ ሆነብኝ። ከቢሮ ፊት ለፊት ያለው መስጊድ መስኮቶች። በድሮው ባቡር ሐዲድ ሥር ያለችው ትንሽ የድንጋይ ድልድይ፤ ስንት ዓመት በላይዋ አልፌ አንድ ቀን ዝቅ ብዬ አላየኋትም። ዛሬ ወርጄ ድንጋዮቿን ቆጠርኩ፣ አንድ ፍየል ጠባቂ ሽማግሌ ምን ጠፋብሽ አሉኝ። ከተማው መግቢያ ላይ ያለው «እንኳን ደህና መጡ» የሚል የብረት ቅስት፣ ምንም ሳይሸከም እንዲሁ የጎበጠ። የውበት ሳሎኗ ልጅ በእርሳስ የሣለችው ቅንድብ። የራሴ እግር፤ ከሥሩ ባዶ መሆን የነበረበት ቦታ ሙሉ ነው፣ ለዚህ ነው ጫማ የሚገድለኝ። የአባዬ ጀርባ።

ሁሉም ቆሟል። የእግሬው ብቻ ነው የወደቀው። የሣልኩት ቅስትስ?


ታኅሣሥ 25፣ ዓርብ፣ ከሰዓት 9፡00

ድጋፉ ወጣ!

አባዬ በግራ፣ ጀማል በቀኝ። ከእንጨቱ እግር ሥር ያሉትን ሽብልቆች በመዶሻ ቀስ እያሉ መቱ፤ አንድ እሱ፣ አንድ ያ። እንጨቱ አንድ ጣት ያህል ዝቅ አለ። ቅስቱ አልተከተለውም። ከላይ አንድ ነገር ጠቅ ሲል ሰማሁና አሸዋ ላይ ተቀመጥኩ። አባዬ ወደኔ ዞሮ ድንጋዮቹ እየተዋወቁ ነው አለኝ።

ቆመ። በራሱ።

ቄሱ መጡ፣ የሰበካ ጉባኤው ምክትል ሊቀመንበር አቶ ግርማ መጡ። አባዬ ለሁሉም ልጄ ናት የሣለችው ይላል። ያልጠየቀውንም ይዞ ይነግራል። አቶ ግርማ ሞቅ ብሏቸው እኔንም እንደ ቁም ነገረኛ ጨበጡኝ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽሽም። ዛሬ እተኛለሁ።


ታኅሣሥ 29፣ ገና

ዶሮ። እንግዳ። አባዬ ስልኩ ላይ ያለውን የበሩን ፎቶ ለእንግዳ ሁሉ አሳየ። አላነበብኩም፣ አልሣልኩም፣ አልፈራሁም።


ጥር 3፣ ቅዳሜ፣ 12፡20

አብራኝ የተማረች ልጅ ሠርግ። እዚሁ ናዝሬት፣ አዳራሽ። የአዳራሹ መግቢያ ላይ በነጭና በወርቅማ ፊኛ የተሠራ ትልቅ ቅስት። ሙሽሮቹን ዲያቆናት በትልቅ የቤ/ክ ጥላ ሥር እየዘመሩ አመጧቸው። ጥላው በፊኛው ቅስት ሥር ሲገባ ጫፉ ከጎን ያዘ። ጧ! ጧ! ጧ! አራት ፊኛ። ሰው ሳቀ፣ እልልታ ቀለጠ።

እኔም ስቄ ነበር። ከዚያ ሳቄ አፌ ላይ ቀረ።

ቅስት መሃሉ ነው ከፍ የሚለው። ወደ ጎን እየሄደ ዝቅ ይላል። የጥላው ቁመት መሃል ላይ ቢበቃም ጎኑ ይይዛል። ስዕሉን ስሠራ ምን ለካሁ? ቄሱን። ታቦቱን ራሳቸው ላይ። ከታቦቱ በላይ የሚዘረጋውን ድባብ፣ እስከ ጫፉ ያለው መስቀል ድረስ። ቁመት ብቻ። ስፋቱን ለክቻለሁ? ለክቻለሁ እንዴ?

ኬክ ሳይቆረስ ወጣሁ።


ጥር 4፣ እሑድ

ስዕሉን ከፍቼ አየሁት። የድባቡ ስፋት የለም። የትም የለም። አንድ መስመር፣ ከመሬት እስከ ላይ፣ በቃ። ዣንጥላ የሌለበት ዘንግ ነው የሣልኩት።

ግምቴን ይዤ ድባቡን ሣልኩበት። በትክክል መሃል ለመሃል ካለፈ ስምንት ሴ.ሜ. ይተርፈዋል። አንድ ስንዝር ወደ ጎን ከሄደ ድንጋይ ነው። በከተራ ዕለት በዚያ ግፊያ መሃል ለመሃል የሚሄድ ማን ነው?

ምናልባት ግምቴ ተሳስቶ ይሆናል። ነገ ሄጄ በራሱ በድባቡ አየዋለሁ። አባዬ ምን ሆነሽ ምሳ አልበላሽም አለኝ። ጨጓራዬ አልኩት።


ጥር 5፣ ሰኞ

ግምቴ አልተሳሳተም።

ዕቃ ቤት የሚጠብቀውን ዲያቆን ፎቶ ላንሳ ብዬ አስወጣሁት። ድባቡን ዘርግቶ በበሩ እንዲያልፍ ለመንኩት። መጀመሪያ ሲሄድ አለፈ። ሁለተኛ ጊዜ ሲመለስ ጨርቁ ጠርዝ ላይ ያለው ዘርፍ ድንጋዩን ነክቶ ተንጠለጠለ። ዲያቆኑ ነቀል አድርጎት ሄደ። ለሱ ምንም አይደለም። ሰው የለም፣ ታቦት የለም፣ ከበሮ የለም።

ጀማል የመጋጠሚያውን ሲሚንቶ ሲያስተካክል ቆይቶ አይቶናል። መሮውን አስቀመጠ። ምንም አላስረዳሁትም፤ በእጁ አንድ ስንዝር አሳየኝ፣ እኔ አዎ አልኩ። ዛሬውኑ ለአባትሽ ንገሪው አለኝ። ነገ ይከብድሻል፣ ከነገ ወዲያ አትነግሪውም።

መሬቱን ዝቅ አድርገን ብንቆፍርስ አልኩት። በዚህ ልል አፈር፣ መሬቱ እየተንቀጠቀጠ፣ የቅስት እግር ሥር መቆፈር? ራሱን ነቀነቀ። ምንጣፍ የሚያነጥፉት ወጣቶች ምንጣፉን ልክ መሃል ቢያነጥፉስ፣ ቄሱ ምንጣፉን ተከትለው... አልኩት። ምንጣፉ እግር ይመራል፣ የሚገፋውን ሰው ማን ይመራዋል አለኝ።

ለአባዬ አልነገርኩትም። ማታ እራት ላይ አባዬ ለከተራ የሚለብሰውን አዲስ ነጠላ ደርቦ አሳየን።


ጥር 6፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት 3፡00

የምፈራውን በቅጡ ልጻፈው፤ ምናልባት ሲጻፍ ያንሳል።

የአሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ እዚህ ከተማ አንድ ታቦት መንገድ ላይ ቆመ። አልሄድም አለ ተባለ። ካህናቱ ዘመሩ፣ ሴቶች አለቀሱ፣ ሽማግሌዎች የተጣላ አለ ወይ እያሉ በሕዝቡ መሃል ዞሩ። ታቦቱ የቆመው አንድ ሰውዬ በር ላይ ነበር፤ ከወንድሙ ጋር አይነጋገርም። እግር ላይ ወድቆ ታረቀ፣ ታቦቱ ሄደ። ሰውዬው ግን ታቦት ያቆመው ሰውዬ እንደተባለ ቀረ። ልጆቹ ራሱ ትምህርት ቤት ውስጥ በሱ ነው የሚጠሩት።

አሁን ድባቡ ቅስቱ ላይ ያዘ እንበል። ቄሱ ይቆማሉ። የኋላው ይገፋል፣ የፊቱ ይመለሳል። ማንም የቅስት ጎን ዝቅ ይላል ብሎ አያስብም። ታቦቱ በጋሽ ደምሴ በር አልወጣም አለ፣ ስለቱን አልተቀበለውም ይባላል። ምን ሠርቶ ይሆን ይባላል። አባቴ ደምሴ በዕድሜው ሙሉ አንድ ሰው አልበደለም።

ሲጻፍ አላነሰም።


እዚያው ቀን፣ ከሰዓት 8፡00

ነገርኩት።

ጓሮ ተቀምጦ መሮ ይስል ነበር። ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ አደረግኩና አሳየሁት። ድባቡ እዚህ፣ ድንጋዩ እዚህ። ረጅም ጊዜ አየው። ከኔ ሌላ ማን ያውቃል አለ። ጀማል አልኩ። እሺ አለ። መሮውን አነሳና መሳሉን ቀጠለ።

በቃ ይኸው ነው። ቢጮህብኝ፣ ቢሰድበኝ ምን አለበት። መሮው ከተሳለ በኋላም ይስለዋል።


ጥር 7፣ ሥላሴ፣ ከሰዓት 10፡15

ገና ከወለንጪቲ መመለሳችን ነው።

ቅዳሴ እንዳለቀ አቶ ግርማ ወጥተው ስለ በሩ አመሰገኑ። አባዬን ጠሩት። እልል ተባለ። አባዬ እልልታው እስኪያልቅ ጠበቀ። ከዚያ ቅስቱ አንድ ስንዝር ጠቧል፣ ድባቡ በነፃነት አያልፍበትም አለ። ጥፋቱ የኔ ነው አለ። እኔ ልነሳ ስል እማዬ የቀሚሴን ጫፍ ይዛለች፤ የተነሳሁበትን አላወቀችም፣ ልወድቅ መስሏት ይመስለኛል።

ከዚያ እንዲህ አለ፣ ቃል በቃል፦ «ዓይኔ ነው። ሜትሩን ሳነብ ዓይኔ አሳሳተኝ።»

አቶ ግርማ ደንግጠው ሁለት እርምጃ አይደል፣ ድባቡ ታጥፎ ቢያልፍ ምን አለ አሉ። አባዬ ታቦት በኔ በር ጥላውን አጥፎ አይወጣም አለ። ከከተራ በፊት ቅስቱን አፈርሰዋለሁ፣ ሁለቱ ዓምዶች ይቆያሉ፣ ከጥምቀት በኋላ እግሩን አስረዝሜ መልሼ እሠራዋለሁ አለ። ቄሱ ባረኩት።

ከኋላዬ አንዲት ሴትዮ ለጎረቤቷ፦ «ውይ፣ ታዲያ በራልኝ ሲል የነበረው?» አለች። ጎረቤቷ ከንፈሯን መጠጠች።

ከንፈር መጠጡበት! ሁለት ዓመት ሙሉ ዓይኔ በራልኝ ብሎ የመሰከረው ሰው፣ እኔ ያልለካሁትን ለመሸፈን ብሎ፣ ምስክርነቱን በገዛ አፉ አፈረሰው። ከቅስቱ በፊት እሱን አፈረሰ።

ባጃጅ ውስጥ እማዬ ታያለህ አታይም ብላ ጠየቀችው። አያለሁ፣ ዝም በይ አላት። እማዬ ዞራ እኔን አየችኝ። ያ ዓይኗ እስካሁን ፊቴ ላይ አለ።


ጥር 8፣ ሐሙስ፣ 12፡00

ቢሮ ፈቃድ ጠይቄ ሄድኩ። ድጋፉ ተመልሶ ገባ፣ ሽብልቁ ተመታ። ለማፍረስም እንደ መሥራት ያው ድጋፍ ያስፈልጋል፤ አንዱን ድንጋይ እንዲሁ ብታወጪ ሌላው ራስሽ ላይ ነው።

እያንዳንዱን ድንጋይ በጠመኔ ቁጥር ጻፍኩበት። አባዬ ከመሰላሉ ላይ ሆኖ ዘጠኙን እንደ ሰባት ጽፈሽዋል፣ አስተካክይው ይለኛል። ከዚያ ርቀት! ጀማል ቀና ብሎ አየኝ።

ቆላፊው 5፡00 ላይ ወጣ። ከወጣ በኋላ የቀረው ቀላል ነበር። ቀላል መሆኑ አናደደኝ።

ለከተራ ግቢውን የሚያጸዱ ሰዎች ቆመው ያያሉ። አባዬ ከመሰላሉ ሲወርድ አንድ ጎልማሳ ሮጦ ክንዱን ያዘው። «ቀስ ይበሉ ጋሽ ደምሴ፣ ከፊትዎ ድንጋይ አለ» አለው። አባዬ አየው። ድንጋዩንም አየው፤ ራሱ ነው ያስቀመጠው። ከዚያ... እግዜር ይስጥልኝ ልጄ አለና እንዲመራው ፈቀደለት። በአሥራ ሰባቱ ድንጋዮች መሃል፣ በራሱ ድንጋዮች መሃል፣ እንደ ዓይነ ስውር ተመርቶ አለፈ።

ጀማል መዶሻውን ወርውሮ ወደ ጓሮ ሄደ። እኔ የትም መሄጃ አልነበረኝም፣ ቆሜ አየሁ።

ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ ለምን አልኩት። መስኮቱን እያየ መለሰልኝ፦ የኔ ሥራ አለቀ፣ ያንቺ ገና ነው። በር መለካት የማትችል ልጅ ከተባልሽ ማን ቤቱን ያስልሻል። የኔን አዛውንት ነው ብለው ይረሱታል።

አይረሱትም አባዬ።


ጥር 9፣ ዓርብ፣ ጠዋት 1፡15

ልብስ ለብሻለሁ። ነጠላዬን ሁለቴ አጣፍቼ ሁለቴ ፈታሁት።

ዛሬ 3፡00 ምእመኑ ሁሉ ለነገው ዝግጅት ይሰበሰባል። ለአቶ ግርማ ደወልኩ። አንድ ደቂቃ ይስጡኝ አልኳቸው። ስለ ምን ጉዳይ አሉኝ። ስለ በሩ አልኩ። አባትሽ ጨርሰውታል እኮ አሉ። አልጨረሱትም አልኩ። እሺ ነይ ብለው ዘጉት።

ያሳስበኛል። ሥራዬ ያሳስበኛል። ቢሯችን ውስጥ ግማሹ ባለጉዳይ ከወለንጪቲ ነው፣ እስከ ሰኞ ሁሉም ሰምቶታል። አንድ ሁለቱ ፋይላቸውን ይወስዳሉ። ይውሰዱ። አለቃዬ ምን እንደሚል አላውቅም።

ስዕሉን አትሜያለሁ፣ ድባቡ ያለበትንም የሌለበትንም። ላሳያቸው። ማንም ባይገባው ጀማል ቆሞ በስንዝሩ ያስረዳቸዋል፤ ግቢው በር ላይ እጠብቅሻለሁ ብሏል።

አባዬ ደጅ ቆሞ ሚኒባሱ ሊያመልጠን ነው እያለ ነው። ምን ልል እንደሆነ አያውቅም። ቢያውቅ አይወስደኝም። ከዚያ በኋላ ለስንት ቀን እንደማያናግረኝ እንጃ።

ደጋግሜ አጠናሁት፣ አጭር ነው፣ እዚህ ልጻፈው ቢጠፋብኝ፦ የአባቴ ዓይን ያያል። ያላየሁት እኔ ነኝ።